ፕሬስቲጅ ሲሸከሙት

አንዳንድ ቃል እንግዳ ሆኖ ይመጣና ባለቤት ሆኖ ይቀራል። ፕሬስቲጅ እንደዚያ ነው። ከፈረንሳይ መነሣቱን አውቃለሁ፤ በየት በኩል ዞሮ፣ ማን ተቀብሎት፣ ማን ቤት አድሮ ወደ አማርኛችን እንደ ገባ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ግን ደስ ይለኛል። እኔ የማውቀው የደረሰበትን ነው። አሶሳ ደርሷል። ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ ቢሮዎች ወንበር ከትምህርት ቤት እየተዋሱ ሥራ ሲጀምሩ፣ ፋይሉ ወለል ላይ ተከምሮ ቁም ሣጥን ሲጠብቅ፣ ፕሬስቲጅ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ተደላድሎ ነበር።

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ክብር የሚል ቃል ነበረን። ሞገስ ነበረን፤ ማዕረግ፣ ዝና፣ ኩራት፣ ሁሉም ነበረን። ታዲያ ይህን ባዕድ ቃል የትኛውን ቀዳዳ እንዲደፍንልን ጠራነው? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የደረስኩበት እንዲህ ነው፦ ክብር ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦም ይኖረዋል፤ ፕሬስቲጅ ግን ተመልካች ይፈልጋል። በራችሁን ዘግታችሁ ማንጎ ብትበሉ፣ ጭማቂው እስከ ክርናችሁ ቢወርድ፣ ቃጫው ጥርሳችሁ መሐል ቢሰነቀር፣ ክብራችሁ ያው ነው። ያንኑ ማንጎ ዋናው መንገድ ላይ ቆማችሁ ብትበሉት ክብራችሁ አሁንም ያው ነው። ፕሬስቲጃችሁ ነው በክርናችሁ የሚንጠባጠበው።

ሕጉን የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም። የቢሮ ሰው ፍየል በገመድ እየጎተተ ከገበያ ቢመለስ ችግር የለውም፤ ዶሮ ካንጠለጠለ ግን ፕሬስቲጁ ይነካል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ዶሮ ገዝቶ፣ በኮቱ ጠቅልሎ፣ ጋዜጣ እንደያዘ ሰው ብብቱ ሥር ሸጉጧት ሲሄድ አገኘነው። ሰላምታ ስንለዋወጥ ዶሮዋ ጮኸች። እሱም አልሰማም፤ እኛም አልሰማንም። ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት ጠይቀነው አለፍን። የራስን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ፕሬስቲጅ መጠበቅ ከሕጉ አንዱ ክፍል ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ቃል መመርመር ስለምወድ ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ዓይነት ልጅ ነበርኩ። አሁን እንኳ ስጽፈው ፊቴን ይሞቀኛል። ቢሆንም ልጀምረው።

ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ ከደሴ ተነሥቼ አሶሳ ገባሁ። የተመደብኩበት ቢሮ የክልሉን ሕዝቦች ባህል ማጥናትና ማስተዋወቅ ሥራው ነበር። ኃላፊያችን አቶ ኢድሪስ ይባላሉ። እዚያው የተወለዱ በርታ ናቸው፤ ነገር ግን ገና በሕፃንነታቸው አጎታቸው አዲስ አበባ ወስዶ አሳድጎ አስተምሯቸው፣ ክልሉ ሲቋቋም የተመለሱ ናቸው። አገራቸውን ከልብ ይወዱ ነበር፤ ከአገራቸው ቀጥሎ ፕሬስቲጅ የሚለውን ቃል። መጨረሻውን ለስለስ አድርገው ፕሬስቲዥ ነበር የሚሉት። የክልላችን ፕሬስቲዥ፣ የቢሮው ፕሬስቲዥ፣ የባለሙያው ፕሬስቲዥ። አንድ ቀን ከጎረቤት ቢሮ አንዲት ባለሙያ ጀሪካን ተሸክማ ስታልፍ አዩና ስብሰባ ላይ እንዲህ አሉን፦ «የተማረች ሴት ውሃ ተሸክማ ከታየች የሚፈሰው ውሃው ብቻ አይደለም።» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። የኔ አንገት ከሁሉ በላይ ተነቀነቀ።

ምክንያቱም ያን ዕለት ጠዋት ራሴ ውሃ ተሸክሜ ነበር።

የተከራየሁት እትዬ ዘህራ ግቢ ነው። እትዬ ዘህራ በርታ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሐዋ የምትባል አንዲት ልጅ ያላት፣ ሳቋ ከጎረቤት የሚሰማ ሴት። አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመደችው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ትላለች። እኔንም አንተ ነበር የምትለኝ፤ ሲበዛባት ደግሞ «ያ ቢንቲ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። በከተማው ቧንቧ ውሃ የሚመጣው ሲያሻው ነበር። የቢሮ ሰው ከአህያ ነጂ ይገዛል። እትዬ ዘህራ ግን ጎህ ሲቀድ ከጓደኞቿ ጋር ምንጭ ትወርዳለች፤ በዘንግ ተሸክማ ትመለሳለች።

ዘንጉን ያላየ አንባቢ ካለ ልንገረው። ረዘም ያለ፣ የሚለመጥ እንጨት ነው። አንድ ትከሻ ላይ ይጋደማል፤ ከፊትና ከኋላ ጫፉ ላይ እኩል ሸክም ይንጠለጠላል። እኛ ደሴ ሴት ስትሸከም ጀርባዋ ላይ ታዝላለች፤ ጎንበስ ትላለች፤ የምታየው የራሷን እግር ነው። እነዚህ ሴቶች ግን ያን ሁሉ ውሃ ይዘው ቀጥ ብለው፣ ፊት ለፊት እያዩ፣ እያወሩና እየሳቁ ነበር የሚሄዱት። ዘንጉ ሲለመጥ እነሱም አብረው ይለመጣሉ። መስኮቴ ላይ ቆሜ ሳያቸው የቀናሁባቸውን ያህል ቢሮ ውስጥ በማንም ቀንቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አፍሬ አፍሬ ለመንኳት። «አስተምሪኝ።»

እትዬ ዘህራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንተ? እስክሪብቶ የሚሸከም ሰው?» ብላ ሳቀች። ግን አስተማረችኝ። መጀመሪያ ላይ ምንጭ የቀዳሁትን ቤት ስደርስ ግማሹን ቀሚሴ ጠጥቶት ይገኛል። ዘንጉ ወደ ላይ ሲል እኔ ወደ ታች እላለሁ። «አትቸኩል፤» ትለኛለች ከኋላዬ። «ዘንጉ ይሄዳል፣ አንተ ትከተላለህ።» ከብዙ ቀሚስ በኋላ አንድ ጠዋት እግሬና ዘንጉ ተስማሙ። ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ቃል የለኝም። ሸክሙ ያለ አይመስልም፤ አንድ ነገር ከላይ ይዞ የሚያራምዳችሁ ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲያ መተው አልቻልኩም። ጎህ ሲቀድ ተከናንቤ እወርዳለሁ፤ ተመልሼ ታጥቤ፣ ጫማዬን ቀይሬ፣ ባለሙያ ሆኜ ቢሮ እገባለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። መናገር እንዳልችል ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የቡድን መሪ ቦታ ተከፍቶ ስሜ ይነሣ ጀመር። አቶ ኢድሪስ ጠርተው «የሺመቤት፣ ሥራሽን እናውቃለን፤ የቀረው ፕሬስቲዥሽን መጠበቅ ነው» ብለውኛል። ያን ቦታ እንዴት እንደምፈልገው ለናንተ ብቻ ልናገር። ቢሮው ከተቋቋመ ጀምሮ በሴት የተያዘ አንድም መሪነት አልነበረም።

በዚህ መሐል ሐዋ ታጨች።

እትዬ ዘህራ ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ልጅ ስትዳር ከእናቷ ጋር ምንጭ የሚወርዱት ሴቶች ዱቄቱን፣ የደረቀውን ባሚያ፣ ማሩን በቅል በቅል አድርገው፣ በዘንግ ተሸክመው፣ በሰልፍ እስከ ሙሽራው ግቢ ይወስዱላታል። አህያ አይገባበትም፤ መኪና አይገባበትም። ግቢው ሲደርሱ የሙሽራዋ እናት እያንዳንዷን በስም ጠርታ ለሙሽራው ወገኖች ታስተዋውቃለች። ስሟ የተጠራች ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጅቷ የሥጋ ዘመድ ናት። ልጅቷ ከባሏ ብትጣላ እናቷ ቤት ብቻ ሳይሆን የነዚህ ሴቶች ቤት ሁሉ ቤቷ ነው።

«ቅዳሜ አንተም ትሸከማለህ፤» አለችኝ እትዬ ዘህራ፣ ባሚያ እየለቀመች።

«እትዬ ዘህራ፣ እኔ እኮ…»

«ምንድን ነው እኮ?»

«የቢሮ ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ። ለሙሽራው ሰዎች ነግሬአለሁ። ለሐዋ የቢሮ ሰው ይሸከማል ብዬአለሁ። አላመኑኝም። አክስቱ ሳቀብኝ። ቅዳሜ ያያሉ።»

ይኸውላችሁ። ቃሉ እትዬ ዘህራ ዘንድ ገና አልደረሰም ነበር፤ ነገሩ ግን ድሮውንም እዚያው ነበር። ባልሄድ እሷ በአማቾቿ ፊት ውሸታም ልትሆን ነው፤ ያውም ልጇን በምትሰጥበት ቀን። ብሄድ ቡድን መሪነቴ በዋናው መንገድ ላይ ሊፈስ ነው። ሁለት ፕሬስቲጅ፣ አንድ ትከሻ።

መላ ያገኘሁ መሰለኝ። የሰፈሩ ሴቶች በሱዳን ቶብ ነው የሚጠቀለሉት፤ ረጅም ስስ ጨርቅ ነው፣ ከራስ እስከ እግር ይሸፍናል። «ፊቴን ብሸፍንስ?» አልኳት። አሰበችበት። «መንገድ ላይ ሸፍን፤» አለች። «ስም ሲጠራ ግን ፊት ይታያል። ፊት የሌለው ሰው ዘመድ አይሆንም።» ተስማማን። የሙሽራው ቤት ከከተማው ዳር ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ቢሮ ዝግ ነው። ማን ያየኛል ብዬ።

ቅዳሜ በሰልፉ ከኋላ ሁለተኛ ሆኜ፣ ዓይኔ ብቻ ቀርቶ ተጠቅልዬ፣ ማርና ዱቄት ተሸክሜ ተነሣሁ። ፊት ያሉት እየዘፈኑ፣ እኛ እየተቀበልን ዋናውን መንገድ ይዘን ቢሯችን በር ላይ ስንደርስ አቶ ኢድሪስ ቆመዋል። ዝግ በሆነው ቢሮ በር ላይ። አጠገባቸው ያን ዕለት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የገባ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ።

«ያቺን ተመልከት፤ ከኋላ ሁለተኛዋን፤» ሲሉ ሰማሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ነበራቸው። «አካሄዷን እየው። ይህ በትምህርት አይገኝም። አብሮ ነው የሚወለደው። እኛ ወረቀት ላይ የምንጽፈው ፕሬስቲዥ፣ እውነተኛው ይኸውልህ።»

ካሜራው ቀጭ አለ። እውነቱን ልናገር? ትከሻዬ ኮራ። ከዚያች ሰዓት በፊትም በኋላም እንደዚያ አሳምሬ ሄጄ አላውቅም።

ችግሩ ማሳመሬ ሆነ። እንግዳው መጨረሻውን ማየት ፈለገ። ሙሽራው ግቢ ስንደርስ እነ አቶ ኢድሪስ በመኪና ቀድመውን፣ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ካርካዴ የሚባለው ቀዝቃዛ የአበባ መጠጥ ቀርቦላቸው አገኘናቸው።

ስም መጥራቱ ተጀመረ። ልሽሽ አልኩ። ዘንግ የተሸከመ ሰው እንደማይሮጥ ያን ቀን አወቅሁ፤ ቅሉ ከፊት ሲወዛወዝ የኋላው ይመታችኋል። እትዬ ዘህራ አንዷን ጠራች፤ እልል ተባለ። ሌላዋን ጠራች። ጥቁር የሱዳን ሽቱ የተቀባችው የሙሽራው አክስት እጇን አጣምራ «የታለ የቢሮው ሰው?» በሚል ዓይን ትመለከታለች። እትዬ ዘህራ ፊቴ መጥታ ቆመች። ጠበቀችኝ። እንዲያ እየሳቀች የማውቃት ሴት ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ቶቡን ከፊቴ አወረድኩ።

አቶ ኢድሪስ የካርካዴውን ብርጭቆ ወደ አፋቸው እየወሰዱ ነበር። መንገድ ላይ ቀረ።

እትዬ ዘህራ በበርታኛ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች። ቋንቋውን ከምንጭ መንገድ ላይ ስለለቃቀምኩት ገባኝ። «ይህች የሺ ናት። ደሴ ከሚባል ሩቅ አገር የመጣች የቢሮ ሰው ናት። ትከሻዋን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለሐዋ ተሸክማለች።» እልልታው ከሁሉም በለጠ። አክስትየዋ የተጣመረ እጇን ፈታች።

«ምን አለች?» አለ እንግዳው ወደ አቶ ኢድሪስ ዘወር ብሎ።

አቶ ኢድሪስ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አካሄዷ አብሯት የተወለደ ነው ካሉ ገና ካርካዴው አልሞቀም። በእንግዳው ዘንድ የሳቸው ፕሬስቲዥ በኔ ፊት ላይ ተንጠልጥሏል፤ የኔው ደግሞ በሳቸው ምላስ ላይ። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ይህች ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚህ መንደር ስትሸከም ያደገች ናት፤ ነው የምትለው።»

«ያስታውቃል፤» አለ እንግዳው።

ከዚያም ሊያነጋግረኝ ፈለገ። «አማርኛ ትችላለች?»

አቶ ኢድሪስ ትንሽ አሰቡ። «ጥቂት ጥቂት፤» አሉ። የቢሮውን ደብዳቤ ሁሉ የማርቅላቸው እኔ ነበርኩ። አንገቴን ደፋሁ። ዓይን አፋርነቴ ዕድሜ ልኬን ካደረሰብኝ ጉዳት ሁሉ ያን ዕለት ካሰኝ።

ሰኞ ማለዳ አቶ ኢድሪስ አስጠሩኝ። ስለ ሰርጉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እንግዳው ሳምንቱን ቢሯችን እንደሚሰበሰብ አውቅ ነበርና የሚሉትን ቆሜ ጠበቅሁ።

«የሺመቤት፣ ማንቡክ አስቸኳይ ጥናት አለ። ዛሬውኑ ትነሻለሽ።»

«ማንቡክ?»

«ማንቡክ።»

በዚያን ጊዜ ከአሶሳ ማንቡክ መሄድ ማለት፣ አንድ ክልል ውስጥ ሆኖ፣ ከክልሉ ወጥቶ፣ ወለጋን አቆራርጦ፣ በጎጃም ዞሮ፣ ተመልሶ ክልሉ መግባት ነበር። ጥናቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። በሩ ላይ ስደርስ ብቻ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ መሸፈኛ ያዢ» አሉኝ።

ስመለስ እንግዳው ሄዷል። ጥቂት ቆይቶ ግን መንገድ ላይ፣ ተሸፍኜ ሳለሁ ያነሣኝ ፎቶ መጣ፤ ትልቅ ሆኖ፣ በመስተዋት ተለብጦ። ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተሰቀለ። ከሥሩ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። «የበርታ ሴት በባህላዊው አሸካከም» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ኢድሪስ ወረቀቱን ይዘው ከሚገባው በላይ ቆዩ።

«ጥሩ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚለውን አልጨመርሽም።»

«ቦታ አልበቃኝም፣ አቶ ኢድሪስ።»

አሳላቸው። ስለዚያ ጉዳይ በመካከላችን የተነገረው ይኸው ብቻ ነው። ቡድን መሪነቱን አገኘሁ። በሥራዬ ይሁን በዝምታዬ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሥራዬ ነው ብዬ ማመኑ ደስ ይለኛል። ለዓመታት በአንድ ዘንግ እንደ ተንጠለጠሉ ሁለት ቅሎች ኖርን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንዳችን ብንወርድ ሌላኛችንም መሬት ነበርን።

ከሁሉ የከበደኝ ትርንጎ ነበረች፤ የታይፕ ጸሐፊያችን። ሻይ ይዛ ፎቶው ሥር ትቆምና «አንቺ የሺ፣ እንደዚህች ሴት ቀጥ ብለሽ ብትሄጂ ኖሮ እስካሁን ባል አታጪም ነበር» ትለኛለች። «ትከሻዋን እዪ ደግሞ። ያንቺ እኮ ቁልቁለት ነው።» እውነትሽን ነው እያልኩ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን እትዬ ዘህራ የረሳሁትን ቁልፍ ይዛልኝ መጣች። ፎቶው ፊት ቆመች። ትስቃለች ብዬ በሩን ዘጋሁት። አልሳቀችም።

«ከሥሩ ምን ይላል?»

ድምፄን ቀንሼ አነበብኩላት።

«እውነት ነው፤» አለች።

«እትዬ ዘህራ፣ እኔ እኮ የደሴ ልጅ ነኝ።»

«መወለድ ሌላ ነው። እኔ ስም ጠራሁ፣ ሰው ሰማ። ሐዋ ከባሉ ቢጣላ የት ይመጣል? አንተ ቤት ይመጣል። ታዲያ አንተ የማን ሰው ነህ?»

ሐዋ መጣችም። እናቷ ገጠር ሄዳ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ምሽት ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ በሬን አንኳኳች። «አክስቴ» አለችኝ። አስገባኋት። አልጋዬን ሰጠኋት፤ እስክትታረቅ ድረስ አብራኝ ኖረች። ያን ምሽት በሩ ዝግ ነበር። ተመልካች አልነበረም፤ ካሜራ አልነበረም፤ የሚተረጉምም አልነበረም። ስለዚህ የተሰማኝ ነገር ፕሬስቲጅ ሊሆን አይችልም። አማርኛ ለዚያኛው የራሱ ቃል እንዳለው መጀመሪያ ላይ ነግሬአችኋለሁ።

ቆይቼ ደግሞ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ፕሬስቲጅ በጥንቱ ፈረንሳይኛ የምትሐተኛ ጨዋታ፣ ዓይን ማታለል ማለት ነበር ይላል። አቶ ኢድሪስ እንግዲያው ያን ቅዳሜ ቃሉን ከነሥሩ ነው የተጠቀሙበት። ሳቅሁ፤ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ተውኩት። የዶሮዋን ነገር ያዙልኝ ብያችሁ የለ?

አሁን ቤቴ ቧንቧ አለ፤ ሲያሻው ይመጣል። እትዬ ዘህራ የሰጠችኝ ዘንግም አለ። እንግዳ ዓይኑን ሲጥልበት እንዳልጨነቅ ብዬ ሳሎኑ መስኮት ላይ አጋድሜ መጋረጃ ሰቅዬበታለሁ፤ ባለቤቴም ልጆቼም የመጋረጃ እንጨት መሆኑን ነው የሚያውቁት። ይህን ጽሑፍ ካነበቡ ግን ማውረድ ሊኖርብኝ ነው። መጋረጃውን ምን ላይ እንደምሰቅለው እያሰብኩ ነው።